የጋሽ ሠረቀብርሃን ቱሉ

ዘፋኝን ከወለደችው እናት በላይ አውቀዋለሁ የሚል ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ለፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር የደረሱት ክቡር ጋሽ ሠረቀብርሃን ነበሩ። የጮራ ባንድን ስም በክፉ ያነሳ ሰው ከእሳቸው ጋር ዓመት ይኮራረፋል። የባንዱ ዘፋኝ ቱሉ ስልሳን ተጠግቷል፤ ሳክስፎን ተጫዋቹም የፊት ጥርሱ ረግፏል። ለጋሽ ሠረቀብርሃን ግን ከንጉሡ ጊዜ ወዲህ አንዳቸውም አንድ ቀን አላረጁም።

ሬዲዮ ላይ አዲስ ዘፋኝ ከመጣ «ይሄ እኮ ጉንፋን ነው» ብለው ይዘጉታል። ሠርግ ቤት የቱሉ ካሴት ሲገባ ደግሞ ሙሽራውን ሳይቀር ከጭፈራ ያስቆማሉ። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ቱሉ ድምፁን ሽቅብ የሚወስድባት ቦታ አለቻ! «ዝም! መጣች!» ይላሉ እጃቸውን አንስተው። ያኔ ያጨበጨበ ወዮለት። አንዴ እህታቸው ዲንቄ እልል ብትልባቸው ፋሲካን ሳይጠይቋት ቀሩ። ዘፋኝ ግንባር ላይ ብር የሚለጥፉትንማ ዓይናቸውን አያሳየኝ ነው የሚሉት።

በ1975 ዓ.ም. ጮራ ባንድ ለመሠረተ ትምህርት ገቢ ማሰባሰቢያ በቀበሌው አዳራሽ ሊጫወት መሆኑ ተነገረ። ጋሽ ሠረቀብርሃን ቱሉን በአካል ካዩት አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ቤት ለቤት ዞረው ሰፈሩን ጠሩ።

«ካሴት ሁሉን ያሳምራል፣ ጋሼ» አላቸው ጎረቤታቸው፣ መምህር ኃይሉ፣ ሊያበሽቃቸው።

«ና ስማና ውሸታም በለኝ!»

እሁድ ከሰዓት መጀመሪያ የቀበሌው ስብሰባ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ስም ተጠራ፣ መፈክር ተባለ፣ በመጨረሻ ባንዱ ወጣ። ቱሉ ማይኩን ጨበጠ። ገና ከመጀመሪያው ስንኝ ድምፁ ሻከረ፤ ትንፋሹም አጠረው። የጋሽ ሠረቀብርሃን ባለቤት የሺሃረግ እጃቸውን ያዝ አደረገቻቸው። ኃይሉ ከጎናቸው ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል።

ያቺ ቦታ ደረሰች። ቱሉ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ቀና አደረገ። ጋሽ ሠረቀብርሃን ያንን አንገት ያውቁታል፤ ዛሬ አይደርስባትም። ሰፈሩ በእሳቸው ቢስቅ ይሳቅ። በቱሉ ግን? እሳቸው እያሉ? በጭራሽ!

ወንበሩን ገፍተው ብድግ አሉ። «ዲንቄ፣ እልል በይ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ዲንቄ ደነገጠች፤ ግን አቀለጠችው። አዳራሹ ተከተላት። ጋሽ ሠረቀብርሃን እየተንደረደሩ መድረክ ወጡ፣ አንድ ብር በምራቃቸው አርሰው ቱሉ ግንባር ላይ ለጠፉ፣ አንገቱንም አቅፈው ማይኩን በትከሻቸው ከለሉት። የተሰነጠቀውን ድምፅ የሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ» አላቸው ቱሉ በጆሯቸው። «ዛሬ ጉዴ ሊፈላ ነበር።»

ሲወጡ ኃይሉ በር ላይ ጠበቃቸው። «ጋሼ፣ ደረሰባት ወይስ አልደረሰባትም? በእልልታው ምኑንም አልሰማን።»

«ምን ጥያቄ ነው? ከካሴቱም በልጣ ነው የወጣች! አጠገቡ ቆሜ የሰማሁ እኔ ነኝ።»

ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ዳገቱ አዞሩ። ኃይሉ አየት አደረጋቸው።

«እኔም እንደዚያ ገምቼ ነበር» አለና ክንዳቸውን ይዞ ዳገቱን አብሯቸው ወጣ።