ቆቦ ላይ ታንኳ ስንመርጥ

ሰው በማያውቀው ነገር ላይ ምክር ሲሰጥ ድምፁ እንዴት እንደሚያምር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? የሚያውቀውን ሲናገር ያመነታል፣ ይቆራርጣል፣ «እንግዲህ እኔ እንደሚመስለኝ» ይላል። በማያውቀው ጊዜ ግን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ እንደ ዳኛ ይሰየማል። ይህን የተማርኩት ትምህርት ቤት አይደለም፤ ከትምህርት ቤትማ ሦስተኛ ክፍል ላይ ተሰነባብተናል። የተማርኩት ባለቤቴ ሰይድ ከቆቦ ወረድ ብሎ፣ ጠብታ ውኃ በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ታንኳ ሊገዛ የተነሣ ጊዜ ነው።

አዎ፣ ታንኳ። ዓይናችሁ አልተሳሳተም።

ጊዜው ስልሳ አምስት አልፎ ስልሳ ስድስት የገባበት ክፉ ቀን ነው። ስለ ክፉ ቀኑ ብዙ አልናገርም፤ ያየው ያውቀዋል፣ ላላየው ቢነግሩት አያምንም። ማሽላው በቁሙ ደረቀ፣ ከብቱ አለቀ፣ ሰው ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። ይበቃል። እኛ ቤት የቀረችው አንዲት ፍየል ነበረች፤ ስዳር አባቴ የሰጠኝ፣ ጆሮዋ አጭር፣ ዓመሏ ረጅም። የእኔ ጡት ደርቆ ስለ ነበር ልጄ ሐዋ የምታድረው በዚያች ፍየል ወተት ነው። እንግዲህ ቤቱ ውስጥ ሁለት እናቶች ነበርን ማለት ነው፤ አንዷ ትታለባለች፣ አንዷ ትጨነቃለች።

ሰይድ አንድ ቀን ካሚዮኖች ከሚቆሙበት ከቆቦ መንገድ ወሬ ይዞ መጣ። አንድ ረዳት፣ ሐይቅ በሚባለው አገር ሰው በታንኳ እየገባ ዓሣ ያወጣል፣ ጠግቦም ያድራል ብሎ ነገረው። ሌላው ደግሞ ወደ አፋር ወረድ ሲሉ የማይደርቅ ኩሬ አለ፣ ዳር ዳሩ ጭቃ ነው፣ ዓሣው ያለው መሀል ነው አለው። ሰይድ ሁለቱን ወሬ አጋብቶ ይዟቸው ገባ። ወሬ ሲጋባ የሚወልደው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

«አሁን የጎደለን ታንኳ ብቻ ነው» አለኝ። እህሉም፣ ከብቱም፣ ዝናቡም እንደ ጎደለን ጠፍቶት አይደለም። ሁሉ ነገር የጎደለው ሰው ግን ከጎደለው ውስጥ አንዱን መርጦ ካልተያያዘው ያብዳል።

ክርስቲያኗ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ወሬው ደርሷቸው ኖሮ ብቅ አሉና፣ «ሰይዶ፣ ዓሣ ለጾምም ይሆናል ይላሉ፤ እኔን እንዳትረሳኝ» አሉት። እሱም ቀበል አድርጎ፣ «አብሽሩ እትዬ! ለእኛም ቢሆን ቢላ አያስፈልገውም፤ ከውኃ የወጣ ሐላል ነው» አላቸው። ዓሣው ገና ሳይያዝ ሃይማኖት ሁሉ ተስማምቶበት አደረ።

ታንኳስ ከየት ይምጣ? ከአያ እንድሪስ። አያ እንድሪስ በደጉ ዘመን ከብታቸው ወንዝ ሲወርድ ወንዙ የሚጎድል የሚመስል ሰው ነበሩ። ከዚያ ሁሉ መንጋ የቀራቸው ከዋንዛ ግንድ የተፈለፈሉ ሦስት የከብት ማጠጫ ገንዳዎች ናቸው። የሰይድ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ውኃን በሆዱ የሚይዝ እንጨት ውኃ ላይ ቢያስቀምጡት ታንኳ አይደለም ወይ? አያ እንድሪስም ምን ያድርጉ፣ የተራበ ሰው ናቸውና፣ ገዢ መጣ ሲባል ገንዳዎቻቸው በአንድ ጀምበር ታንኳ ሆኑ። ዋጋው ምንድን ነው አትሉም? ፍየሏ ናታ! ሌላ ምን አለን?

በዚህ ነገር ላይ እኔ አዋቂ ሆኜ ተቆጠርኩ። በመንደሩ ታንኳ ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ፤ ያየሁትም በሦስተኛ ክፍል የንባብ መጽሐፍ ላይ፣ ሥዕሉን ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ ይቀዝፋል። የት እንደ ደረሰ ግን አላውቅም፤ እሱ ወደሚቀጥለው ገጽ ሳይሻገር እኔ ተዳርኩ።

«የሐዋ አባት፣ ታንኳውን እስከ ኩሬው ማን ይሸከመዋል?» ብዬ ጠየቅኩት። «አንቺ ደግሞ! ታንኳ ሰውን ይሸከማል እንጂ ሰው ታንኳ ይሸከማል?» አለኝ። «ልጅቷስ፣ ፍየሏ ከሄደች ምን ትጠጣለች?» አልኩት። «የዓሣ መረቅ» አለኝ። ከዚህ በኋላ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ይሆንልኛል። ወንዶች ዝም ያለች ሴት የተስማማች ይመስላቸዋል፤ አላህ ይህን ስሕተታቸውን ያቆይልን።

በማግስቱ ጠዋት ሐዋን ለእትዬ ብርቄ ሰጥተን ወጣን። ሰይድ ፍየሏን በገመድ ይስባል፣ እኔ ከደረቀው ወንዝ አሸዋ ቆፍሬ የቀዳሁትን ውኃ በእንስራ አዝዬ እከተላለሁ። «ውኃውን ቤት አታስቀምጪውም?» አለኝ። «ይጠጡብናል» አልኩት። ፍየሏን በዚያ ጠዋት አላጠጣኋትም። ረስቼ ነው። አንባቢዎቼ፣ ረስቼ ነው ስላችሁ እመኑኝ።

አያ እንድሪስ ገንዳዎቹን ጠራርገው፣ ደጃቸው ላይ ደርድረው ጠበቁን። የመጀመሪያው የበሬ ማጠጫ ነው፤ ርዝመቱ ቤት ያክላል። «ይህ ቤተሰብ ይጭናል» አሉ። ሰይድ ገብቶ እንደ ሙሽራ ተንደላቀቀበት። ሊያነሡት ቢሞክሩ ግን፣ ሁለቱም የጠገበ ሰው ጉልበት አልነበራቸውምና፣ ንቅንቅም አላለ። ደግሞም ዋጋው ፍየላችንና ሌላ ፍየል ነበር፤ ያቺን ሌላዋን ፍየል ደግሞ እኛ አናውቃትም። ሁለተኛው ቀለል ይላል፣ ጎኑ ግን ተሰንጥቆ በጭቃ ተመርጓል። «ይህ ስንጥቅስ?» ብዬ ብጠይቅ «እሱማ መተንፈሻው ነው» አሉኝ። ሦስተኛው የጥጃ ማጠጫ ነው፤ ትንሽ፣ ቀላል፣ ለአቅማችን የተሰፋ። ሰይድ ቢቀመጥበት ጉልበቱ ጆሮው ላይ ደረሰ። አያ እንድሪስ ዞር ዞር ብለው አዩትና «እግርህን ትንሽ ሰብሰብ ብታደርገው ልክህ ነው» አሉት።

«ዓሣው የት ይቀመጣል?» አልኩ።

«ጭኑ ላይ» አሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታንኳ ሲሸጡ እንደ ኖሩ ሁሉ።

ሰይድ ከጥጃው ታንኳ በመከራ ወጥቶ ገመዱን ሊያቀብላቸው እጁን ዘረጋ። ያን ጊዜ ዝምታዬን ፈታሁ። «አያ እንድሪስ፣ አንቱ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ» አልኩ፤ ሽማግሌን ለማስቆም ከዚህ የተሻለ ቃል የለም። «የራሱን ውኃ መያዝ ያልቻለ እንጨት የኩሬውን ውኃ እንዴት ይከለክላል? እስቲ ይሞከር።» ሰይድ «ውኃ ልትደፊ ነው?» ብሎ ጮኸ። አያ እንድሪስ ግን «ሴትዮዋ እውነት አላት፤ እኔም በታንኳዬ አላፍርም» አሉ። እንስራዬን አዘንብዬ በጥጃው ታንኳ ውስጥ አፈሰስኩት።

ዓመት ሙሉ ውኃ ያላየ ዋንዛ ጠላው እንደ ዘገየበት እንግዳ ነው። በየስንጥቁ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ሰይድ ተንበርክኮ በመዳፉ እየደፈነ «ያብጣል! እንጨት ሲርስ ያብጣል፣ ወላሂ ይገጥማል!» ይላል። በሁለት እጁ ሊደፍን ሲል ገመዱን ለቀቀው።

ፍየሏም መጣች። ማንንም አላስፈቀደችም። ጥጃ በቆመበት ቆመች፣ አንገቷን አቀረቀረች፣ ትጠጣ ጀመር። ከሁላችን መሀል የዚያን ዕቃ ስም የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

ከብት ሲጠጣ ጠባቂው የሚያፏጨው ፉጨት አለ፤ ረጅም፣ ዝቅ ያለ፣ ከብቱ ሳይደነግጥ እስኪረካ እንዲጠጣ የሚያደርግ። የአያ እንድሪስ ከንፈር ሳያስቡት ሾለና ያ ፉጨት ወጣ። ጥርሳቸው ሳስቶ ስለ ነበር ግማሹ ነፋስ ነው። መንጋቸው ካለቀ ወዲህ ሲያፏጩ የሰማቸው የለም። ሰይድም እጁን ከስንጥቁ ላይ አነሣ፤ እኔም እንስራዬን እንዳዘነበልኩ ቀረሁ። ፍየሏ ጠጥታ ስትጨርስ ቀና ብላ አየቻቸው፤ እሳቸው በኩታቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ።

«አልሸጥም» አሉ።

«አያ፣ ተስማምተን?» አለ ሰይድ።

«የተስማማነው በታንኳ ነው። ይህ ገንዳ ነው። እኔም ረስቼው ነበር፣ አላህ በእንስሳ አፍ አስታወሰኝ። ታንኳ ካማረህ ያቻትልህ፣ ገመዷን ይዘህ ተሻገርባት» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ውኃ ስታገኚ እዚሁ አምጥተሽ አጠጫት፤ እኔ አፏጫለሁ» አሉኝ።

«አልሐምዱሊላህ» የምትለው ቃል ሳላስባት አምልጣኝ ወጣች። ሰይድ ዞሮ ገላመጠኝና «ምን አስደሰተሽ?» አለኝ። «ለአያ እንድሪስ ብዬ ነው» አልኩት። ወደ ቤት ስንመለስ እንስራዬ ባዶ ነበር፤ ያን ውኃ እንደገና መቆፈር አለብኝ። እንደዚያ ቀን ግን ጀርባዬ ቀሎኝ አያውቅም። እትዬ ብርቄ ከሩቅ ፍየሏን ሲያዩ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው፤ «ዓሣውስ?» ብለው ለመጠየቅ እንኳ ጨዋነታቸው ከለከላቸው። ሐዋ የዚያን ቀን ወተቷን ጠጥታ፣ አፏን ሳትጠርግ ተኛች።

በኋላ ወደዚያ ኩሬ የወረዱ ሰዎች ተመለሱ። የተሰነጣጠቀ ጭቃና የግመል ዱካ ብቻ አገኙ። ዓሣውም እንደ ሰው ወደ አውራ ጎዳናው ወጥቶ እንደሆነ እንጃ።

ዝናቡም በጊዜው፣ ማለትም በራሱ ጊዜ፣ መጣ። ሐዋ ድክ ድክ ማለት ጀመረች። ፍየሏም አያ እንድሪስ ባወጡላት ስም ቀረች፤ ታንኳ። አንድ ቀን ከአውራ ጎዳናው ዳር ጠፍታብኝ «ነይ ታንኳ! ታንኳ!» እያልኩ ስጣራ አንድ እህል የጫነ ካሚዮን ቀጥ አለ። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ ሜዳውን ግራ ቀኝ አማተረና «እህቴ፣ ባሕሩ በየት በኩል ነው?» አለኝ።

ሰይድ ከኋላዬ ደረሰ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጋቢውን አጣፋ።

«ወንድሜ» አለው፣ «ባሕሩ ገና ነው። አንተ ግን ታንኳ የምትገዛ ከሆነ ምክር ልስጥህ፤ የምትታለበዋን ምረጥ። እኔ ያደረግሁት እንደሱ ነው።»