አቶ ቢሻሻልስና የመኪናዋ መሪ

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ፤ የተበላሸ ዕቃ ሲያይ ዝም ብሎ የሚያልፍ፣ በደንብ የሚሠራ ዕቃ ሲያይ ግን እንቅልፍ የሚያጣ። እናንተም ሰፈር አለ። የለም ካላችሁ ወይ አዲስ ገቢ ናችሁ፣ ወይ ሰውዬው እናንተው ናችሁ።

የዚህኛው ሰፈር ሰውዬ ሥራው ቁልፍ መቅረጽ ነው። እውነተኛ ስሙን እናቱ ታውቀዋለች፤ ሰፈሩ የሚጠራው «ክቡር አቶ ቢሻሻልስ» ብሎ ነው። ለምን ቢባል፣ አንድ ደህና ዕቃ ፊቱ አስቀምጡና እዩት። መጀመሪያ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋል። ከዚያ በምላሱ «ጭ» ይላል። ከዚያ ከኪሱ ያልተቀረጸ ቁልፍ ያወጣና ጆሮውን እያከከ፣ ልክ ሐኪም ለቤተሰብ መጥፎ ዜና እንደሚነግር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እ… ቢሻሻልስ?» ይላል። በቃ። ዕቃውን ተሰናበቱት።

የራሱን ቤት በር አሻሽሎታል። አሁን ለመክፈት ቁልፉን ወደ ግራ፣ መለስ አድርጎ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ በሩን በጉልበት ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ትንፋሽ መያዝ ነው። ሌባ ገብቶ አያውቅም። እንግዳም ገብቶ አያውቅም። አማቱ አንድ ቀን ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «ኧረ ልጄ፣ በመስኮት ልግባ እንዴ?» ሲሉ፣ እሱ ከውስጥ ሆኖ፣ «እማማ፣ እስኪለምዱት ነው እንጂ በጣም ቀላል ነው!» ይላል። እማማ ታግለው ታግለው ተመለሱ። ይሄም ከማሻሻያው ጥቅሞች አንዱ ነው ብሎ ያምናል።

ሻወሩንም አሻሽሎታል። ሙቅ ውሃ ሲከፈት የወጥ ቤቱ መብራት ይበራል። እንዴት እንደሆነ እሱም አያውቅም፣ ግን ኮርቶበታል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ያውም እጇ ወርቅ የሆነ። ኮሌታ ስታዞር ያየ ሰው ዓይኑን አይነቅልም። ጨርቁን አትገፋውም፣ አትጎትተውም፤ በሁለት ጣት ጫፍ ነካ ብቻ ታደርገዋለች፣ ጨርቁም የታዘዘ ይመስል ዞሮ ይሄዳል። ታዲያ አንድ ቀን ገበያ ደርሳ ስትመለስ፣ የስፌት መኪናዋ የልብስ ማጠቢያ ሞተር ተገጥሞለት ጠበቃት። ፔዳሉን ነካ ስታደርገው ቤቱ ጮኸ፣ ጠረጴዛው ተራመደ፣ የደንበኛ ሱሪ ከመጋረጃው ጋር አንድ ላይ ተሰፋ።

«ፍጥነቱን አየሽው?» አሉ ክቡርነታቸው።

«አየሁት። አሁን ደግሞ አንተ የኔን ፍጥነት ታያለህ» አለች፣ የእንጨቱን ሜትር አንስታ።

ይሄ ሁሉ ግን ደጃፍ ከቆመችው መኪና ጉድ ጋር ሲወዳደር ጨዋታ ነው።

መኪናዋ አሮጌ ናት፤ በዕድሜ ከትዳራቸው ትበልጣለች። ሞተሯ ደህና ነው፣ ፍሬኗ ደህና ነው። መሪዋ ግን ሰነፍ ነበር። አንዲት መታጠፊያ ለመታጠፍ ማዞር ነው፣ ማዞር ነው፣ አሁንም ማዞር ነው፤ ከጉድጓድ ውሃ እንደሚቀዳ ሰው። ሚስትየው አንድ ሁለት ጊዜ ነዳቻትና ትከሻዋን እያሸች ወረደች። «ይሄ መንዳት አይደለም፣ ብርድ ልብስ መጭመቅ ነው» ብላ ቁልፉን ወረወረችለት። ዳግመኛ መሪውን አልነካችም።

ከዚያ ወዲህ ክቡርነታቸው በየእረፍት ቀኑ መኪናዋ ሥር ገብተው ተኙ። ከውጭ የሚታየው እግራቸው ብቻ ነው። ሻይ እግራቸው አጠገብ ይቀመጣል፤ «ሻይህ እየቀዘቀዘ ነው!» ሲባሉ ከሥር «መጣሁ!» ይላሉ፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ እሳቸው አይመጡም። ጎረቤቱም ተላመደ፤ መጨበጡን ትቶ የጫማቸውን ጫፍ መታ አድርጎ «እንዴት አደርክ» እያለ ማለፍ ጀመረ።

«እኔ እኮ ባሌን የማውቀው በእግሩ ነው» ትላለች ሚስትየው ለደንበኞቿ። «ፊቱ እንዴት ነበር? ጺም ነበረው እንዴ?»

አንድ የእረፍት ቀን አብረው ሊወጡ ተቀጣጠሩ። ለራሷ የሰፋችውን አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ምሳውን አቅርባ ተጣራች። «መጣሁ!» አለ ከሥር። ምሳው ቀዘቀዘ። ቀሚሱም ተቀምጣበት ተጨማደደ። ፀሐይ ስትጠልቅ ወጣች፣ ቁጢጥ አለችና ለእግሮቹ ተናገረች።

«ስማኝ አንተ እግር። ለባለቤትህ ንገረው። መኪናዋ ቅዳሜ ትሸጣለች።»

እግሮቹ ደነገጡ። አንደኛው ጫማ ወለቀ።

ቀልድ አልነበረም። ገዢ አግኝታለች፤ ሱፋቸውን እሷ ጋ የሚያሰፉ፣ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር። ጸጥ ያለች አሮጌ መኪና ነው የምፈልገው ብለዋል። «ወይ መኪናዋ፣ ወይ እኔ አልልህም፤ እሱ የፊልም ነገር ነው» አለችው ማታ። «እኔ የምፈልገው ፊት ያለው ባል ነው። መኪናዋ ካለች ደግሞ ፊት የለህም።»

ሰውዬው «እሺ» አለ። አልተከራከረም። እንዲህ ቶሎ እሺ ሲል ማንም ሰምቶት አያውቅም፤ ወሬው ሲወጣ ሰፈሩ ታሟል ብሎ ፈራ።

በማግስቱ ወደ ጓደኛው መካኒክ ሄደ። መካኒኩ ወሬ የሚጠላ ሰው ነው፤ ሲናገር ቃሉ ከኪሱ የሚወጣ ነው የሚመስለው። አቶ ቢሻሻልስ በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የተጋጩ መኪኖች ከሚበለቱበት ግቢ፣ ስንት ጊዜ ተመላልሶ በመጨረሻ ያገኘው ዕቃ ነው፦ ከመሪው ዘንግ ሥር ተጋድሞ ጎማዎቹን ግራና ቀኝ የሚገፋው ጥርሳም ብረት። የመኪናዋ ጥርስ ቀሰስተኛ ነው። ይሄኛው ግን ከስፖርት መኪና የወጣ ነው፤ መሪውን ትንሽ ነካ ሲያደርጉት ጎማውን እጥፍ ያደርገዋል።

መካኒኩ ብረቱን አየ። «የጎረምሳ ዕቃ ነው።»

«አዎ።»

«መኪናህ አሮጊት ናት።»

«አሮጊቷን መሮጥ ቢያምራትስ?»

«ትሸጣለች አላልክም?»

«ቅዳሜ።»

«ታዲያ?»

አንገት ወደ ግራ። ጭ። ቁልፉ ጆሮ ላይ። «እ… ቢሻሻልስ?»

መካኒኩ መፍቻውን መሬት ላይ ወረወረ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አነሳው። እሱንም ያው በሽታ ይዞታል፣ ልዩነቱ እሱ አያወራም።

የብሎኑ ቀዳዳ አልገጠመም፤ አዲስ ማሰሪያ ብረት ተቆረጠ። ጫፎቹ አጠሩ፤ ረዘም ያሉ ተፈለጉ። ዘንጉ አልደርስ አለ፤ መገናኛው ተቀየረ። ሁሉ ነገር ተገጥሞ ሲያልቅ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ መሪው ግን ተገልብጦ አርማው ወደ ታች ዞሯል። ፈቱት፣ እንደገና ገጠሙት። ወደ ቤት ሲነዳት የመጀመሪያውን መታጠፊያ ያለፈው በእግረኛ መንገድ ላይ ነው። ዓርብ ማታ ቤት የገባው እያፏጨ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱን ለመናት። «አንዴ ብቻ ንጂያት።»

«አልነካትም።»

«አንድ ዙር። እስከ ጥግ ድረስ።»

«ብርድ ልብስ መጭመቅ ካማረኝ ቤት ውስጥ አለ። ተወኝ፣ ሰውየው እየመጡ ነው።»

መጡም። ሱፍ፣ ክራቫት፣ በደንብ የተወለወለ ጫማ። ርዕሰ መምህሩ መኪናዋን እንደ ተማሪ ሰልፍ ዞረው ተመለከቱ። ከመሪው ኋላ ገብተው መቀመጫውን አስተካከሉ፣ መስታወቱን አስተካከሉ፣ ክራቫታቸውንም አስተካከሉ። ባልየው ጎናቸው፣ ሚስትየው ከኋላ ተቀመጡ።

«መኪና ማለት፣ ልጄ፣ ሥነ ሥርዓት ማለት ነው» አሉ።

«ልክ ነው አባባ። ግን መሪዋ ትንሽ… ነቃ ያለች ናት።»

«አንተ ሳትወለድ መሪ ይዣለሁ።»

ሄዱ። ጥጉ ጋ ሲደርሱ ርዕሰ መምህሩ ዕድሜ ልካቸውን እንደለመዱት፣ እጅ በእጅ ላይ እያሳለፉ መሪውን በሰፊው አዞሩት። መኪናዋ ዞረች። አሁንም ዞረች። ከዚያ የእትዬን የአበባ አጥር ጥሳ ገባች።

እትዬ የጥግ ቤት ጎረቤት ናቸው፤ ያ አጥር ደግሞ ልጃቸው ነው ማለት ይቻላል። የአበባ ማጠጫቸውን እንደያዙ ሮጠው ወጡ። «ኧረ አበባዬን! ኧረ ሰው! በር እያለላችሁ?»

ርዕሰ መምህሩ መኪናዋን ወደ ኋላ አወጧት፣ መሪውን ወደ ሌላው በኩል መለስ አደረጉ፤ መኪናዋ መንገዱን ሰንጥቃ የቆሻሻ በርሜሉን ገፋችው። ደግሞ መለስ አደረጉ። «ምን ሆና ነው የምትቅበጠበጠው?» እያሉ ሲታገሉ በመጨረሻ መንገዱን በአግድም ዘግታ ቆመች። ሰውየው ወረዱ። ላባቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ስንት አስቸጋሪ ተማሪ አይቻለሁ» አሉ። «ወላጅ አስጠርቼ ያላስተካከልኩት የለም። የዚቺ ወላጅ ግን አንተ ነህ። ተስፋ የለኝም።» ወደ ሚስትየዋ ዞር ብለው፣ «ሱፌን ሲደርስ እወስዳለሁ» አሉና በእግራቸው ሄዱ።

አውቶቡስ መጥቶ ጥሩንባውን ይነፋ ጀመር። ባልየው ወደ መሪው ተሳበ።

«ንክች እንዳታደርጋት!» አለች ሚስትየው ከኋላ። «ውረድ።»

«ላስጠጋት ብዬ እኮ ነው…»

«አንተ አሻሽለህ ጨርሰሃል። ውረድ አልኩ!»

እትዬ አጥራቸው ፊት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። «ልጄ፣ በፈጠረሽ፣ በኔ በኩል አትምጪ!»

ከኋላ ወርዳ መሪው ጋ ገብታ ተቀመጠች። የቆመች መኪና መሪዋ ይከብዳል፤ ሴትየዋ ግን ቀኑን ሙሉ ካውያ ስታነሳ የምትውል ክንድ አላት፣ አንዴ ጨክና አዞረችው። መኪናዋ መንቀሳቀስ ስትጀምር መሪው ቀለለ። ሴትየዋ ንዴቷ ጢም ብሏል፤ ለመታገል ትዕግሥት የላትም። እጇ የለመደውን አደረገ። በሁለት ጣት ጫፍ፣ ነካ።

መኪናዋ ዞረች። የተፈለገውን ያህል ብቻ። ከዚያ አላለፈችም።

ነካ፣ በአውቶቡሱ ጎን። ነካ፣ በበርሜሉ ጎን። የእትዬን አጥር ኮሌታ እንደሚዞር ስፌት ጫፍ ጫፉን ተከትላ አለፈችው፣ አንዲት ቅጠል ሳትነካ። አውቶቡሱ አለፈ። አሁን ቤቷ ደጃፍ ልታቆም ነው ተብሎ ተጠበቀ። አላቆመችም። ሰፈሩን ዞራ መጣችና ባሏንና እትዬን ዝም ብላ አለፈቻቸው። ደግማ ዞራ ስትመጣ መስኮቱ ተከፍቷል፣ ክንዷ ውጪ ነው።

እትዬ ወደ ሰውዬው ዞሩ። «ፍሬኑንም አሻሻልክባት እንዴ?»

«ኧረ ፍሬኑን አልነካሁም!»

በመጨረሻ መጥታ አቆመች። ወረደች። ፈገግታዋን ከንፈሯ ውስጥ ለማፈን ስትታገል ያስታውቅባታል።

«አውቀህ ነው» አለችው። «እንዳትሸጥ ብለህ ነው ሰውየውን ያዋረድካቸው።»

ሰውዬው አንገቱን አላዘነበለም። ቁልፍም ከኪሱ አላወጣም። «አይደለም» አለ። «ትከሻሽን እያሸሽ የወረድሽ ቀን ነው ይሄን ዕቃ መፈለግ የጀመርኩት። በየሳምንቱ ሥሯ ስገባ ምን ይገጥማት ይሆን እያልኩ ስለካ ነበር። ትሸጥ አልሽ፣ እሺ። ከመሄዷ በፊት አንዴ እንድትነጃት ብዬ ነበር። እምቢ አልሽ።»

«እና እንዲህ ታፈጥናታለህ? ሽማግሌውን እኮ ልትገድላቸው ነበር!»

«ለሳቸው አልተሰፋችማ» አለ። «ኮሌታ ስታዞሪ ፊት ለፊት ተቀምጬ ስንት ዓመት አየሁሽ? ያንቺን ልክ ይዤ ነው።»

ለአንድ ሰው የተለካ ልብስ ሌላው ላይ ምን እንደሚመስል ከልብስ ሰፊዋ በላይ የሚያውቅ የለም። ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ግንባሩ ላይ ግራሶ አለ። ጺም የለውም።

በሚቀጥለው የእረፍት ቀን እትዬ ስለ አጥራቸው ሊነጋገሩ መጡ፤ መንገድ ሙሉ ንግግራቸውን ሲያዘጋጁ ነበር። መኪናዋ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ሥሯ አራት እግር ተዘርግቷል፤ ሁለቱ የሚያውቁት ጫማ፣ ሁለቱ የቤት ነጠላ ጫማ።

«ወዲህ በል መፍቻውን፤ ጣትህ ወፍራም ነው» ይላል የሴት ድምፅ።

እትዬ ጎንበስ ብለው ነጠላ ጫማውን መታ አደረጉ። «ልጄ፣ ስለዚያ ስለ አጥሩ ነገር…»

«መጣሁ እትዬ!»

እትዬ ቆመው ጠበቁ። የመጣ የለም። መሬት ላይ ሁለት ብርጭቆ ሻይ እየቀዘቀዘ ነው። ትንሽ አሰቡና አንዱን አንስተው፣ ከመኪናዋ ጎን ተደግፈው ጠጡት።