በኩረጃ የተከሰሰው ትክክለኛ መልስ

ኩረጃን ከነሥሩ ነቅሎ በመጣል ረገድ፣ ሐይቅ ከተማ ዳር ያለውንና ለክብሩ ሲባል ስሙ የማይጠቀሰውን ቴክኒክ ኮሌጅ የሚስተካከል የለም። ዲኑ አቶ ደሳለኝ ከፈታኝ ይልቅ በአፍንጫቸው ይተማመናሉ፤ ኩረጃ ይሸታቸዋል። ዘንድሮ የሸተታቸው ከመምህርት ኢንሳፍ የኤሌክትሮኒክስ ፈተና ነው።

ጥያቄው አንድ ባትሪ፣ አንድ ሬዚስተርና አንድ ዳዮድ በተከታታይ ቢያያዙ በዳዮዱ የሚያልፈው ከረንት ስንት ነው የሚል ነበር። እንዲህ ያለው ባንድ ጊዜ አይፈታም። የዳዮዱ ቮልቴጅ ይገመታል፣ በግምቱ ከረንቱ ይሰላል፣ በተገኘው ከረንት ግምቱ ይታረማል፤ ቁጥሩ አልነቃነቅ እስኪል ይደጋገማል። ዝናው የተባለው ተማሪ ከዜሮ ነጥብ ሰባት ቮልት ተነሣ፣ ራዚያ ከዜሮ ነጥብ አምስት። ሁለቱም አራት ነጥብ ሃያ ስድስት ሚሊአምፔር ላይ ደረሱ። ስለዚህ ሊባረሩ ሆነ። የራዚያ ቤተሰብ ለምርቃቷ ሙክት አስሯል፤ ዝናውም ሱፍ ልብስ ተውሷል። ኢንሳፍ ልትሟገትላቸው ቀረበች።

«መነሻቸው ለየቅል፣ መድረሻቸው አንድ!» አሉ አቶ ደሳለኝ በዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት። «ተማክረው የፈሱት አይሸትም ያለ ተሳስቷል። ይኸው ሸተተኝ።»

«ወላሂ አልተኮራረጁም ጋሼ! አንዱ ከደሴ፣ አንዷ ከውጫሌ ተሳፍረው ሐይቅ መናኸሪያ ቢገናኙ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?»

«ሳይደዋወሉ?»

«መንገዱ እኮን ነው የሚያገናኛቸው! ካሻችሁ ራሳችሁ ሞክሩት።»

ኮሚቴው ሙከራውን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ፤ የሒሳብ ክፍሉ አቶ ኡበይድ ብቻ «ከነገሩ ጦም እደሩ» እያሉ በግማሽ ድምፅ ተስማሙ። ኢንሳፍ ስሌቱን አሳየቻቸውና ሁሉም ካልኩሌተር ጨበጡ። አቶ ኡበይድና የሰው ሀብቷ ወይዘሮ የሺሀረግ የየራሳቸውን ግምት ያዙ። አቶ ደሳለኝ ግን ተራ ሠራተኛ የሚገምተውን መገመት ለሥልጣናቸው ስለማይመጥን ከሦስት ቮልት ተነሡ።

አቶ ኡበይድ አራት ነጥብ ሃያ ስድስት አገኙ። ወይዘሮ የሺሀረግም አራት ነጥብ ሃያ ስድስት።

«የእኔ ሁለት ሚሊአምፔር!» አሉ አቶ ደሳለኝ ብድግ ብለው። «እዚህ ቤት ውስጥ ያልኮረጅሁ እኔ ብቻ ነኝ። እናንተም ትጠየቃላችሁ!»

የሁለቱ አባላት ፊት ዐመድ መሰለ።

«አብሽሩ» አለቻቸው ኢንሳፍ ሳቋን እየዋጠች። «ጋሼ፣ እርስዎ ገና አንዴ ነው ያሰሉት። ይድገሙት።»

ደገሙት። አራት ነጥብ ሃያ ስምንት።

«ምን ነካው ይሄ?»

እንደገና ደገሙት። አራት ነጥብ ሃያ ስድስት። ካልኩሌተሩን አራገፉት፣ በእጅጌያቸው ወለወሉት፣ ደግመው ነካኩት። ወይ ፍንክች።

«ከማናችን ነው የኮረጁት ጌታዬ?» ሲሉ ወይዘሮ የሺሀረግ በታላቅ ትሕትና ጠየቁ።

አቶ ደሳለኝ ላባቸውን ጠረጉ። ጥልቅ ውይይት ተደርጎም ውሳኔው ተነበበ፦ ተማሪ ዝናውና ተማሪ ራዚያ፣ የተከበሩ ዲናችን በራሳቸው ጥረት ካገኙት መልስ ላይ በመድረሳቸው ተመስግነው እንዲመረቁ፤ መምህርት ኢንሳፍ ግን ይህንኑ መልስ ከዲኑ ቀድማ በማወቋ የቃል ማስጠንቀቂያ እንዲሰጣት።

ኢንሳፍ ጥፋቷን እዚያው አመነች፤ ወደፊትም ዘግይታ እንደምታውቅ ቃል ገባች።