ሳይጠሩ አቤት

በየከተማው አንድ «ተጠንቀቁ!» ባይ አይጠፋም። መሰላል ስትወጣ ከሥር ቆሞ «ይወዛወዛል!» ይልሃል፤ ወንዝ ስትሻገር አምና ውሃ የወሰደውን ሰው ስም ይነግርሃል። የሸዋ ሮቢቱ ግን ይለያሉ። ባለ ልኳንዳው ጋሼ ደሳለኝ ሰውን የሚያስጠነቅቁት ከራሳቸው ነው። ከቤተ መንግሥት ሹመት ባይመጣላቸውም እኛ «ፊታውራሪ ተጠንቀቅ» ብለን ሾመናቸዋል።

አንዳንድ ጊዜ አእምሯቸው ጥሏቸው ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት ከሮቢ ወንዝ በኩል አንድ ድምፅ በስማቸው ይጠራቸዋል፤ እሳቸውም «አቤት!» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን አያውቁትም። አንድ ጊዜ ወደ ራሳቸው ሲመለሱ ካራው የበሩ መቃን ላይ ተሰክቷል፤ ሚስታቸው እትዬ ውባለም ከሥሩ ተቀምጠዋል። አንገታቸውን የሳተው በጣት ስፋት ነበር።

ወንድማቸው ገብረሚካኤል በማግስቱ ሰንሰለት ይዞ መጣ።

«ከማሰርህ በፊት ጠይቀኝ» አሉት። «የሚመጣበትን መንገድ የማውቀው እኔ ነኝ።»

«ካበደ ሰው ጋር ደግሞ ምን ምክር አለ?»

«ታዲያ ሳላብድ አይደል የምመክርህ!»

እዚያው ሥራ አከፋፈሉን። ሳይጠሩ አቤት ካሉ፣ ፊት ለፊት ጎማ የምጠግነው እኔ ካራዎቹን እሰበስባለሁ፤ ጨው ነጋዴው ሷሊሕ ተቀምጦ እጃቸውን ይይዛል፤ እትዬ ውባለም እህታቸው ቤት ይሄዳሉ። ገብረሚካኤል «አንድ ጊዜ ከዘገያችሁ በዚህ ነው የማስረው» ብሎ ሰንሰለቱን ከሥጋው ማንጠልጠያ ጎን ሰቀለው።

ከዚያ በኋላ እኚህን ሰው መጥራት ራሱን የቻለ ፈተና ሆነ። ከኋላ «ጋሼ ደሳለኝ!» ካልካቸው መልስ የለም። ዞረው አፍህን ያያሉ፤ «አንተ ነህ? እስቲ ድገመው!» የንስሐ አባታቸውን ሳይቀር በገበያ መሐል አስደግመዋል። ይህን የሰማ አንድ የካራቆሬ ሾፌር ከትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪናው ጀርባ ተደብቆ፣ ድምፁን አቅጥኖ ጠራቸው። ተሳስተው «አቤት!» አሉ። ዘልዬ ገብቼ ካራውን ስነጥቃቸው የደንበኛው ሥጋ ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ተንጠልጥሎ ቀረ። «ደግ! እንዲህ ነው የምፈልጋችሁ!» አሉ ደስ ብሏቸው። ሾፌሩ ግን ያን ቀን ቢለምን ቢማልድ ሥጋ አልሸጡለትም።

እውነተኛው የመጣው በግንቦት ቀትር ነው። ሙቀቱ አህዮቹን ሳይቀር ባሉበት አቁሟቸዋል። «አቤት» አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ለታላቅ ሰው እንደሚመልሱ። ስደርስ የካራውን ስለት ወደ ራሳቸው አዙረው እጀታውን ዘርግተውልኛል።

«ቶሎ ውሰደው ታከለ። በሩ ላይ ናት።»

«ማን?»

«ድምፁ የእናቴ ነው። ጠረኑ ግን የወንዝ ነው።»

በሩን አየሁ፤ ማንም የለም። ዝንቦቹ ግን ሥጋውን ትተው ወደ ጓዳ ሸሽተዋል።

ሷሊሕ መጥቶ እጃቸውን ያዘ። ጮኹ፣ ተንቀጠቀጡ፣ ነከሱት። «ይንከሱ ጋሼ፣ የጨው ነጋዴ እጅ ነው፣ ራስዎ ይተፉታል» አለ እንጂ አልለቀቀም። የሳምንቱ ገበያ ሲደርስ ጋሼ ደሳለኝ ወደ ራሳቸው ተመልሰው ሥጋ እየመተሩ ነበር። ገብረሚካኤል ሰንሰለቱን አውርዶ በሬውን ሊያስርበት ወሰደው።

ክረምቱ ሲገባ፣ የጣርማ በር መንገድ ያጣመመውን የመኪና ቸርኬ በመዶሻ ሳቃና፣ ከሮቢ በኩል አንዲት ሴት «ታከለ!» አለች።

«አቤት!» አልኩ።

ባለመኪናው ጋቢና ውስጥ ተኝቷል። መንገዱ ባዶ ነው። ጋሼ ደሳለኝ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ተሻገሩና መዳፋቸውን ዘረጉ።

«መዶሻውን።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ሴት ናት?»

«ሴት ናት… ስሜን ከየት አወቀችው?»

«እኔ ነኝ ያስለመድኳት» አሉ አፈር ብለው። «እሷ ፊት ‹ውሰደው ታከለ› እያልኩ።»

መዶሻውን ሰጠኋቸው። ከጎማው ላይ አጠገቤ ተቀመጡና እጄን ያዙ። ሞራ የጠጣ፣ የሚያሟልጭ እጅ ነው። ባለመኪናው ነቅቶ ጡሩምባ ቢነፋም እጃቸውን አልለቀቅሁም።