ፍሪጁ የመለሰኝ ሌሊት

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም ለማንም አልናገርም ብዬ ነበር፤ እስከ ምሳ ሰዓት እንኳ አልቻልኩም።

ለባለቤቴ ለትርሲት የእርጎ ንግድ ብለን የገዛነው ፍሪጅ ማቀዝቀዝ አሻፈረኝ ብሏል። በሕልሜ ልንመልሰው ተነሥተን በሩን ስከፍት፣ ሰልፍ! የባንክ ሥራ አስኪያጆች ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው ከደጃፋችን እስከ አስፋልቱ ተሰልፈዋል። ገሚሱ ድንጋይ አስቀምጦ ወረፋ ይዟል።

ፊት የቆመው ወፍራም ሰውዬ ወርቃማ ካርድ ዘረጋልኝ። «ጌታዬ፣ በዚህ ይግዙ። በገዙ ቁጥር ነጥብ እንሰጥዎታለን። ነጥቡ ሲጠራቀም የፈለጉትን በነፃ ይወስዳሉ።»

«አይስሙት!» አለ ከኋላው ያለው ቀጭኑ። የእሱ ካርድ ሰማያዊ ነው። «ነጥብ ምን ያደርግልዎታል? እኛ ጥበቃ ነው የምንሰጠው። በዚህ የገዙት ዕቃ ቢበላሽ እናስጠግንልዎታለን።»

ደስታው ሊገድለኝ ነበር። በዕድሜዬ ባንክ ለምኖኝ አያውቅማ! «የቱ ይሻላል?» ብዬ ትርሲትን ብጠይቃት፣ ሁለቱንም ቀማ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

«ሱቁ ደርሰን እናወዳድራለን» አለች።

ወዲያው መርካቶ ነበርን። እንዴት እንደደረስን አትጠይቁኝ። ፍሪጁ በገዛ እግሩ ከፊታችን እየሄደ የሚያውቀውን ሁሉ ሰላም ይላል። ነጋዴዎቹ ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ገዢዎቹ እንዲጨመርባቸው ይከራከራሉ። አንዷ ሴትዮ «በዚህ ዋጋማ ነውር ነው!» ብላ ልትገዛ ያነሣችውን ጃንጥላ ጥላ ስትሄድ፣ ባለሱቁ «እሺ ነይ፣ ነይ፣ እጨምርብሻለሁ!» እያለ ተከተላት።

ፍሪጁን የሸጠልን ጋሽ ሸምሱ ሱቁ በር ላይ ቆሟል። ከራሱ በላይ ያቺ የማውቃት ቀይ ጽሑፍ ተሰቅላለች፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ከሥሯ ግን አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «ገዢ ግን ይመለሳል»።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ይሄ ፍሪጅ አያቀዘቅዝም» አልኩት።

ጋሽ ሸምሱ እኔን አልፎ ፍሪጁን በሁለት እጁ አቀፈው። «እንኳን ደህና መጣህ! ምነው፣ ከሳህብኝ?»

«ይሄ ሰውዬ አልተስማማኝም» አለ ፍሪጁ። «ምንም ሳይፈልግ በሬን ይከፍትና ቆሞ ያየኛል። ዘግቶ ይሄድና ተመልሶ ይከፍታል። እስከዚያ ምን የምወልድለት መስሎት ነው?»

«ሌላስ?»

«ሌሊት ያንኮራፋል። እኔ ሞተር ይዤ እንኳ እንደዚያ አልጮህም።»

«ደረሰኝ ይዘሃል?»

ፍሪጁ ከውስጡ ደረሰኝ አወጣ። «የዕቃው ዓይነት» በሚለው ቦታ የተጻፈው የእኔ ስም ነው። ሁለት ሠራተኞች ብድግ አድርገው መደርደሪያው ላይ፣ በብረት ድስቱና በካውያው መሃል አስቀመጡኝና ግንባሬ ላይ ዋጋ ለጠፉብኝ። ስንት እንዳወጣሁ ለማየት ዓይኔን ወደ ላይ ባንከራትት፣ ባንከራትት አልታይ አለኝ።

«ትርሲት! ካርዶቹ!» ብዬ ጮህኩ።

ሁለቱ የባንክ ሰዎች እያለከለኩ ደረሱ።

«እመቤቴ፣ ነጥብዎ ሞልቷል» አለ ወፍራሙ። «በወርቃማው ካርድ አዲስ ባል በነፃ ይወስዳሉ። ከነካርቶኑ!»

ከጎኔ ፕላስቲኩ ገና ያልተቀደደ ሰውዬ ተቀምጧል። ለትርሲት ፈገግ አለላት። እንደዚያ የጠላሁት ሰው የለም።

«በሰማያዊው ደግሞ ይሄንኑ እናስጠግንልዎታለን» አለ ቀጭኑ። «ለማንኮራፋቱ ግን ዋስትና አንሰጥም።»

ሰዉ ተሰበሰበ። ግማሹ «ነጥቡን!» ይላል፣ ግማሹ «ጥበቃውን!» ይላል። ፍሪጁ በሩን እየከፈተና እየዘጋ ያጨበጭባል። ትርሲት ግን መች ትቸኩላለች! ቲማቲም ስትገዛ እንደምታደርገው አዲሱንም ሰውዬ እኔንም በጣቷ ጫን ጫን እያደረገች አየችን። እሱ ንቅንቅም አላለ። የእኔ ሆድ ላይ ጣቷ ሰመጠ።

«ትርሲትዬ፣ እኔ እኮ ዕቃ አይደለሁም!»

«ዝም በል፤ እያወዳደርኩ ነው።»

በመጨረሻ አንዱን ካርድ መዝዛ ለጋሽ ሸምሱ ዘረጋችለት። ቀለሙን ላይ ብዬ አንገቴን ሳሰግግ ከመደርደሪያው ወደቅሁ።

ለካ የወደቅሁት ከአልጋ ነው። ነግቷል። ትርሲት እጇ ሊጥ በሊጥ ሆኖ ከላዬ ቆማለች።

«የትኛውን ሰጠሽው?» አልኳት።

«ለማን? ምኑን? ይልቅ ተነሥና ና እይ!»

እየጎተተች ወጥ ቤት ወሰደችኝና ፍሪጁን ከፈተችው። ሞቅ ያለ አየር ፊቴን መታኝ። ትናንት እርጎው የተበላሸበት መደርደሪያ ላይ፣ ማታ ያስቀመጠችው የዳቦ ሊጥ ኩፍ ብሎ ከሳፋው ወጥቷል።

«በዚህ ብርድ እንዲህ ኩፍ ያለ ሊጥ አይተህ ታውቃለህ? እርጎው ይቅር፤ ዳቦ ልሸጥ ነው!»

«ዛሬ ልንመልሰው አልነበር እንዴ?»

«አልመልሰውም።»

«ትርሲት፣ የተበላሸ ፍሪጅ እኮ ነው!»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚያ ሊጥ በነካው ጣቷ ሆዴን ጫን አደረገችው።

«አንተንስ መልሼሃለሁ?»