መጀመሪያ ቅመስ

የእኛ ሰው ጭንቀቱንም ደስታውንም የሚያኖረው ሆዱ ውስጥ ነው። ሲፈራ ሆዱ ይፈራል፣ ሲከፋው ሆድ ይብሰዋል፣ ክፉ ነገር ሊመጣ ሲል ሆዱን ባር ባር ይለዋል፣ የማይነገር ነገር ሲገጥመው ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይተወዋል። ይህን ሁሉ ጓዝ የተሸከመ ሆድ እህልም እንደሚፈልግ ግን ብዙዎቻችን እንረሳለን። ይህን የምታነቡት ቁርስ በልታችሁ ከሆነ እሰየው፤ ካልበላችሁም ግድ የለም፣ ብዙ አላቆያችሁም።

እኔ ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የምሠራ፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ለብቻዬ የምኖር ሰው ነኝ። ቁርሴ ማኪያቶ ነበር። ስኳሩ በዛ ያለ። ረፋዱ ላይ ሥራው ሲሰለቸኝ እደግመዋለሁ፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ «አሁን ብበላ እንቅልፍ ይጥለኛል» እልና ሌላ አስከትላለሁ። ለምን ቢሉኝ ብርዱን አመካኛለሁ፤ የደብረ ታቦርን ብርድ የቀመሰ ሰው ደግሞ አይከራከረኝም። አመሻሹ ላይ ዳቦ በሻይ ነከር ነከር አድርጌ እተኛለሁ።

ታዲያ አንድ ሰሞን ልቤ ያለ ምክንያት ድው ድው ማለት ጀመረ። የባጃጅ ጥሩምባ ያስበረግገኛል። አለቃዬ «እስቲ ና» ካለኝ ቢሮው እስክደርስ ድረስ ከሥራ ተባርሬ፣ ዕቃዬን ጭኜ፣ ከሰው ቤት ተጠግቼ እጨርሳለሁ። እሱ የፈለገው ስክሪብቶ ነው። ጤና ጣቢያ ሄጄ ልቤን አዩልኝና ደህና ነው አሉ። ነርሷ «ለመሆኑ ምን ትበላለህ?» ብትለኝ ግን ተቀየምኳት። እኔ የመጣሁት በልብ፣ እሷ የምትጠይቀኝ ስለ ሆድ!

ጭንቀት ደግሞ እንደ ወፍ ነው፤ ማረፊያ ይፈልጋል። የእኔው ያረፈው እናቴ ላይ ነው። እናቴ የምትኖረው አንበሳሜ ነው፤ ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ደም ግፊትም አለባት። በዚያ ሰሞን ስልኳ እንቢ አለ። ያቺ የስልኳ ሴትዮ «ማግኘት አይችሉም» ባለችኝ ቁጥር እኔ የምሰማው ሌላ ነገር ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እሁድ ልሄድ ቆረጥኩ።

እሁድ ረፋድ ላይ ጫማዬን ሳስር በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አከራዬ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፤ ከኋላቸው ባለቤታቸው መሪጌታ ቆመዋል። ሁለቱም ከቅዳሴ መመለሳቸው ነው፣ ነጭ በነጭ ለብሰዋል።

«ልጄ፣ ና እስቲ ከእኛ ዘንድ እህል ቅመስ» አሉኝ እትዬ።

«ልሄድ ነበር እኮ እትዬ፣ አንበሳሜ፣ እናቴ ዘንድ…»

ባልና ሚስት ተያዩ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና «ትሄዳለህ። መጀመሪያ ቅመስ» አሉ።

ልማዱን ታውቁታላችሁ። በእኛ ዘንድ መርዶ ለባዶ ሆድ አይነገርም። ሰው የሞተበትን ሰው ምንም ሳያሰሙ፣ በሰበብ በአስባቡ ጠርተው ያበሉታል፤ አንጀቱ እህል ከያዘ በኋላ ነው ነገሩን የሚያፈርጡት። ስለዚህ በአገራችን ያለ ወትሮው «ብላ፣ ብላ» የተባለ ሰው የሚያየው ሰሃኑን ሳይሆን የጋባዦቹን ፊት ነው። ያውም ነጭ ለብሰው፣ ያውም የቤተ ክርስቲያን ሰው ይዘው! እናንተስ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ?

ጫማዬን አስሬ ሳልጨርስ ተከተልኳቸው። የነጠላቸው ጥለት እንደ ሐዘንተኛ ወደ ላይ ዞሮ ይሆን ብዬ እትዬን ሰረቅ አድርጌ አየኋቸው። አልዞረም። «እስክበላ ደብቀውኝ ነው» አልኩ። ጭንቀታም ሰው ማስረጃ አያጥረውም።

የገብስ ገንፎ ቀረበ፤ መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬው ተንጣሏል። ለአራስ የሚሠራ ዓይነት ነው፤ እኔ ከሐሳብ በቀር የወለድኩት የለም። እየዋጥኩ አለቅሳለሁ፣ እያለቀስኩ እውጣለሁ። እትዬ በርበሬው ያቃጠለኝ መስሏቸው እርጎ አመጡልኝ። ቀጥሎ እንጀራ በጎመንና በአይብ መጣ። መሪጌታ «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው!» እያሉ በገዛ እጃቸው ያጎርሱኛል። እኔ በሐሳቤ አንበሳሜ ደርሼ ድንኳን እተክላለሁ።

ጎመኑ ሲጋመስ ግን አንድ ነገር ታወቀኝ። እጄ መንቀጥቀጡን ትቷል። ደረቴን ጨምድዶ የያዘኝ ነገርም ላላ ብሎልኛል። እናቴ በእኔ ሐሳብ አሁንም እንደሞተች ናት፤ ሐዘኑም አለ፤ ነገር ግን የምችለው መስሎ ተሰማኝ። እጄን ታጥቤ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

«በሉ አሁን ንገሩኝ» አልኩ።

«ምኑን?» አሉ መሪጌታ።

«የእናቴን።»

እትዬ ደረታቸውን መቱ። «በስመ አብ! ኧረ እኛ የሰማነው ነገር የለም! ፊትህ አመድ መስሎ፣ እጅህ ቁልፍ ማስገባት ሲያቅተው አየሁና፣ ይህ ልጅ እህል አይቀምስም፣ አንድ ቀን ደጃችን ላይ ይወድቃል ብዬ ነው እንጂ!»

«ታዲያ አንበሳሜ ስል ለምን ተያያችሁ?»

«በባዶ ሆድህ መኪና ልትሳፈር ነዋ!»

መሪጌታ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኔ መጀመሪያ አፈርኩ፣ ቀጥሎ ሳቅኩ። ነርሷንም በሐሳቤ ይቅርታ ጠየቅኳት። እነዚህ ሰዎች ዘመዶቼ አይደሉም፤ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም። በአገራችን ሰው እንዲህ ተለምኖ፣ እንዲህ ጎርሶ የሚበላው ሐዘን ሲደርስበት ነው። እኔ ያለ ሐዘን በላሁት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳቸው።

ሳልነሣ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት! መብራት ጠፍቶ ስልኳን ቻርጅ የምታደርግበት አጥታ ኖሯል። ድምፅዋን ስሰማ እንባዬ እንደገና መጣ። እሷ ግን እንደ ልማዷ «ቁርስ በላህ?» አለችኝ። የዘወትር መልሴ «ኋላ እበላለሁ» ነበር። ዛሬ ኮራ አልኩ።

«በላሁ እማዬ! አከራዮቼ ቤታቸው ጠርተውኝ፣ መሪጌታም አሉ፣ ገንፎ በቅቤ፣ እርጎ፣ ጎመን በአይብ…»

አላስጨረሰችኝም። በቀጭን ድምፅ «ልጄ፣ ማን ሞተብን?» አለች።

ሳቄን ስለቀው እትዬ ስልኩን ተቀበሉኝ። ተያይተው የማያውቁ ሁለት ሴቶች ስለ እኔ ሆድ ብዙ ተነጋገሩ። በመጨረሻ እናቴ ምርቃቷን ስታወርደው፣ እትዬ በአንድ እጃቸው ስልኩን ይዘው በሌላው ተጨማሪ እንጀራ እየዘረጉልኝ «አሜን» ይሉ ነበር።

ማኪያቶውን አልተውኩም፤ ከእህል በኋላ አደረግኩት። አልፎ አልፎም በማለዳ በሬ ይንኳኳል። ልቤ ዛሬም ድንግጥ ይላል። እኔ ግን ተነሥቼ እጄን እታጠባለሁ።