እጩው የረገጠው ምንጣፍ

እኛ ሰው መውደድ ስንጀምር ፍሬን የለንም። ስንጠላም እንዲሁ ነን፤ የመጥላቱን ነገር ግን ለሌላ ቀን ልተወው፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል። ፍቅራችን እንደ ሐረር ባጃጅ ነው፤ ለሦስት ሰው ተሠርታ ስድስት ትጭናለች፣ ሰባተኛውም «ጠጋ በሉ» ይላል። ለወጣችን ጨው እንመጥናለን፣ ለልጆቻችን ቁጣ እንመጥናለን፣ ባሎቻችንንማ ከልክ በታች ነው የምንወደው። ምርጫ ደርሶ አንድ ሸንቀጥ ያለ፣ ሲስቅ ጥርሱ የሚያምር እጩ ብቅ ካለ ግን፣ ልኩን ማን ያስታውሳል!

እኔ ስኳርና ሻይ ቅጠል እየቸረቸርኩ የኖርኩ ሴት ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል ወዲያ ያለውን ትምህርቴን የጨረስኩት በመጠቅለያ ጋዜጣ ነው። ደንበኛ ሳንቲሙን ከኪሱ እስኪለቅም አንድ አምድ አነብባለሁ፤ መጨረሻውን ሳላውቀው ከስኳሩ ጋር ተጠቅልሎ የሄደብኝ ስንት ወሬ አለ። ስለዚህ ሰው እንዴት እንደሚሞገስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ አስብ ነበር። አላውቅም ነበር ለካ።

ባለፈው ምርጫ እጩው ወደ ሐረር ሊመጣ ነው ከተባለ ጀምሮ ሬዲዮው ሌላ ወሬ አጣ። «ማንጎ በላ» ተባለ፤ በእጁ! እናንተዬ፣ እኛ ማንጎ በምን ስንበላ ኖረናል? አንዱ ጋዜጠኛማ በቴሌቪዥን ቀርቦ «ጭማቂው በክርኑ ሲወርድ እንኳ ትሕትናው አልተለየውም» አለ። ዘፋኙ ዘፈነለት፣ ኮሜዲያኑ ቀልዱን ትቶ አለቀሰለት። ዝናብ ሲዘንብ «ይዞት መጣ» ተባለ፤ ያው ዝናብ ዛፍ ሲጥል ደግሞ «ተፈጥሮ ሰገደችለት»። እኔ በየዋህነት፣ ስለ ቧንቧ ውሃችን ምን እንዳለ ጠየቅሁ።

«ወይንዬ፣ አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ነገር ፍለጋ!» አለችኝ ጎረቤቴ አይሻ።

ሱቄ ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ በምትገባው ቀጭን መንገድ ላይ ነው፤ የአይሻ ቤት ፊት ለፊት። እኔ በጥምቀት እሷ በአረፋ እየተጠራራን ነው ያረጀነው። ያረጀነው ስል እሷን ማለቴ ነው። ባሏ ካረፈ በኋላ ነጃትን ብቻዋን አሳድጋ ነርስ አደረገቻት። ነጃት ፉአድ ከሚባል፣ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ ከሚሰፋ ልጅ ጋር ይዋደዳሉ። ፉአድን ያሳደጉት ግን አጎቱ ሐጂ ዩስፍ ናቸው፤ ፈላና በር የሚኖሩ፣ ነገር የማይጥማቸው፣ ሽምግልና ለመምጣት ሲያቅማሙ የከረሙ ሰው። በመጨረሻ «እሑድ፣ ከአስር ሶላት በኋላ እመጣለሁ» አሉ። ሐጂ አንዴ ከደጃፍ ከተመለሱ ዳግመኛ እንደማይመጡ ደግሞ ጁገል ሁሉ ያውቃል። ነጃት ያን ሳምንት እንጀራም አልወረደላትም።

የጁገልን ቤት ላላየ ልንገረው። ለጋብቻ የደረሰች ልጅ ያለችበት ቤት፣ ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ምንጣፉ እዚያ ካለ ልጅ አለች ማለት ነው፤ ከወረደ ተሰጥታለች። አፍ አውጥቶ መጠየቅ ሳያስፈልግ ሁሉም ያነብበዋል። ሽማግሌ ሲገባ ከሰላምታው በፊት ቀና የሚለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ቅዳሜ ሆነ። ለእጩው ክብር ሰፈሩ ከማለዳ ጀምሮ ግድግዳውን ኖራ ሲቀባ አረፈደ፤ ግማሹ ኖራ ግድግዳው ላይ፣ ግማሹ እኛ ላይ። ነጃት ሥራ ገብታለች። አጃቢዎቹ ቀድመው ደረሱ፤ ከመካከላቸው ያቺ በተከታታይ ድራማ ሁልጊዜ የምትበደለዋ ተዋናይ አለች። ለፎቶ የሚሆን ደጃፍ ስትፈልግ በአይሻ በር ብቅ አለችና ቀና ብላ ጮኸች።

«ይሄ ቀዩ ምንጣፍ! እሱ በዚህ ላይ ሲራመድ ታየኝ!»

«ወላሂ፣ ለእሱ ያልተነጠፈ ለማን ሊነጠፍ!» አለች አይሻ፤ በርጩማ ላይ ወጥታ በገዛ እጇ አወረደችው።

እኔ «አይሹ፣ እሱ እኮ የነጃት...» ማለት ጀምሬ ነበር። ተዋናይዋ አቀፈችኝ። ያን ሁሉ ዓመት ስትበደል አብሬያት ያለቀስኩላት ሴት! የቀረው ቃል በሽቶዋ ውስጥ ሰምጦ ቀረ። ሐረር ውስጥ የእኔን አፍ ማስያዝ የቻለች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት፣ ይመዝገብላት።

ከዚያ እሱ መጣ። ጋዜጠኞቹ ጀርባ መስጠት ነውር ሆኖባቸው ሁሉም ወደኋላ ነው የሚራመዱት። በጁገል ጠባብ መንገድ ወደፊት መራመድም በመከራ ነው! አንዱ ባለካሜራ በተረከዙ የኖራውን ባልዲ ደፋው፤ እጩው በነጭ ስኒከሩ ኖራውን ረገጠ፣ ቀጥሎ ምንጣፉን ረገጠ። ቀዩ ላይ ነጭ እግር ቁልጭ ብሎ ታተመ።

«ውይ እናቴ፣ ይቅርታ!» አላት አይሻን። እውነቱን እንነጋገር፣ ሰውየው ጨዋ ነው። ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል ግን «አጎነበሰ! ለሕዝብ አጎነበሰ!» ብለው ከበቡት፤ እልልታው ቀለጠ፤ እየገፉ ይዘውት ሄዱ። ጫማውም ሳይወልቅ ይቅርታውም ሳይሰማ ቀረ። እልል ካሉት አንዷ እኔ ነኝ።

ነጃት ከሥራ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀና አለች።

«እማ፣ ምንጣፌስ?»

«እሱ ረገጠው! በእግሩ! አንቺ ደግሞ ዛሬውኑ ተረኛ መሆንሽ!»

«እማ፣» አለች ነጃት ቀስ ብላ፣ «ለመሆኑ ለማን ሰጥተሽኝ ነው?»

የአይሻ ፊት ከግድግዳው ኖራ ነጣ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህ ግን የሚለቀምም አልነበረም።

«መልሰን እናስቀምጠው!»

«ወርዶ የተመለሰ ምንጣፍማ የባሰ ነው፤ ታጭታ የተመለሰች ይሉኛል።»

መላው የመጣው ከእኔ ነው። አጥበን ጣራው ላይ እናሰጣው፤ የወረደው ለመታጠብ መሆኑን መንገደኛ ሁሉ ይይ። እሑድ ጠዋት ሁለት ጀሪካን ውሃዬን ሰውቼ በእጄ አሸሁት፤ ነጭ የሚባል ነገር አልቀረበትም። ወሬው ግን ምንጣፉ እስኪደርቅ አልጠበቀንም። የማላውቃት ሴት ስኳር ልትገዛ መጥታ፣ የነጃት ሙሽራ ድሬዳዋ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት እንዳለው ነገረችኝ።

ሐጂ ዩስፍ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ደረሱ። ደጃፉ ላይ ቀና አሉ። ባዶ።

«መብሩክ አይሻ። አላህ ያሳምርላት» ብለው ከዘራቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

እኔ ተስፈንጥሬ ፊታቸው ቆምኩ። «ሐጂ፣ ኧረ ይቁሙ! አልተሰጠችም! ምንጣፉ ታጥቦ ከላይ እየደረቀ ነው!»

«ወይንሸት፣ ውሃ በጠፋበት ሰሞን ምንጣፍ የሚያጥብ የለም። ለሽማግሌ ሰበብ አይቀርብም።»

«እጩው ረግጦት ነው እኮ! ትናንት፣ ኖራ በነካው ጫማው!»

ሐጂ ቆሙ። ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። የስልኩ ፊት ላይ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? እጩው፣ ማንጎውን እንደያዘ።

«በቴሌቪዥን ያየሁት ያ ቀይ ምንጣፍ... የዚህ ቤት ነው?»

«የዚህ ቤት ነው!»

«የእግሩ ምልክት ያረፈበት?»

«እሱው!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«እና... አጠባችሁት?»

እንዲያ ያለ ሐዘን ለቅሶ ቤት አላየሁም። «አስተግፊሩላህ!» አሉ። «ይህን የሚያህል ክብር ደጃፉ ድረስ መጥቶለት በሳሙና ከሚያጥብ ቤት እንዴት ልጅ እወስዳለሁ?» እናንተው ፍረዱ! ስለወረደ ሊሄዱ የነበሩት ሰውዬ፣ አሁን ደግሞ ስለታጠበ ሊሄዱ ነው። አይሻ ግድግዳውን ተደግፋ ተንሸራታ ተቀመጠች።

«ሐጂ!» የሚል ድምፅ ከጣራው ላይ መጣ። ነጃት ናት፤ ሁሉንም ሰምታለች። «ሙሉ በሙሉ አለቀቀም። ትንሽ ይታገሡኝ፣ አመጣዋለሁ።»

ታገሥን። ነጃት እርጥቡን ምንጣፍ በክንዶቿ ታቅፋ ወረደችና ከእግራቸው ሥር ዘረጋችው። ነጭ እግር! ከትናንቱ የጠራ፣ ጫፉ ወደ ቤት የዞረ። እኔ ያሸሁበትን እጄን አየሁ፤ ከዚያ ነጃትን አየሁ። እሷ ግድግዳ ታያለች። ያን ሰሞን እንደ እሱ ያለ ነጭ ስኒከር ያልገዛ ወጣት ሐረር ውስጥ አልነበረም፤ እሷም ገዝታለች። የቀኙ ሶል ጠርዝ ላይ ኖራው ገና አልደረቀም፤ ከጣራው ጥግ ባለው የትርፍራፊ ኖራ ባልዲ ውስጥ ምን እንደተነከረ አልጠየቅኋትም።

«ሱብሃነላህ!» ሐጂ ተንበረከኩ። «ሳሙና እንኳ! ሳሙና እንኳ አላስለቀቀውም!» ሁለቱ ሽማግሌዎች ስልካቸውን አውጥተው ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ ያነሱት ጀመር።

«አይሻ፣» አሉ ሐጂ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ልጅሽን ለልጄ ስጪኝ። ምንጣፉም አብሯት ይምጣ።»

«ሰጥቻለሁ!» አለች አይሻ፤ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ ሐጂ አፋቸውን ሳይዘጉ።

በሳምንቱ ሬዲዮው ስለ ማንጎው ማውራቱን ትቶ፣ ሳሙና ስላቃተው እግር ማውራት ጀመረ። አንድ ምሁር ቀርበው የእግሩ አረማመድ ቆራጥነትን ያሳያል አሉ። ስለ ነጃት ቆራጥነት ከሆነ እኔም እስማማለሁ። ሠርጉ ተደገሰ፣ ምርጫው አለፈ፣ ሰውየውም አሸነፈ። ቧንቧችን እንደ ወትሮው ያፏጫል።

ምንጣፉ ዛሬ የሐጂ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባለፈው ኢድ ተጠርቼ ሄጄ ሳለ፣ አንድ ከጅጅጋ የመጣ እንግዳ ምንጣፉ ሥር ቆሞ ሲያይ ሲያይ ቆየና፣ «ሐጂ፣ እግሩ ግን ለወንድ አላነሰም?» አለ። ነጃት የሻይ ሰርቪሱን ይዛ ወደ ጓዳ ፈጠነች። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ።

ሐጂ እንግዳውን በሐዘኔታ አዩት።

«ልጄ፣» አሉት፣ «ትልቅ ሰው መሬት አያጨናንቅም።»